ሰባት ቤት ከባሕር ማዶ

እናቴ ያንን ፊልም የገዛችው በስህተት ነው። ከደሴ በካርቶን ከሚመጡት ሲዲዎች መካከል ሽፋኑ ላይ ሳሪ የለበሰች ሴት አየችና የህንድ ፊልም መሰላት። የገበያ ቀን ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከከለላም ከወግዲም የመጣው ሰው ሸጦ ሸምቶ ሲጨርስ በቅሎውን አስሮ ወደ ቪዲዮ ቤታችን ይገባ ነበር። የሚፈልገው ዘፈን ነው፣ ድብድብ ነው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ወንድሙን አቅፎ የሚያለቅስ ሰው ነው። የከፈትንለት ግን አሮጌ የእንግሊዝ ፊልም ሆነ፤ ቀለም እንኳ የለውም።

ቪዲዮ ቤቱ የእናቴ ነበር። ከአረብ አገር ስትመለስ ሁለት ነገር ይዛ መጣች ይላሉ የሰፈራችን ሰዎች፤ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥንና አንድ እርግዝና። እርግዝናው እኔ ነኝ። ቴሌቪዥኑ ከኔ የበለጠ ይከበር ነበር፤ በዳንቴል ይሸፈናል፣ ማንም አይነካውም። እኔን ግን ሁሉም ይነካኝ ነበር። ጸጉሬን እየዳበሱ «የአረብ ልጅ» ይሉኛል። አረብ አይደለሁም። አባቴ፣ እናቴ ትሠራበት በነበረው ቤት ሾፌር የነበረ ህንዳዊ ነው። ይህንንም ያወቅኩት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። እናቴ አንድ ጊዜ ከነስሙ ነገረችኝና «ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ» አለች፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ለሰፈሩ ሰው ደግሞ ምንም ተናግራ አታውቅም። እነሱ የመሰላቸውን ይሉ ነበር፤ የመሰላቸው ሁሉ ክፉ ነበር።

ፊልሙን ልንገራችሁ። እንግሊዞች ህንድን ለቀው ሊወጡ ነው። በአንዲት የወደብ ከተማ፣ አባቷ እንግሊዝ እናቷ ህንድ የሆነች ሴት ስልክ ቤት ትሠራለች። እንግሊዞቹ ከነሱ ጋር ለሻይ አያስቀምጧትም፤ ህንዶቹ ለሰልፍ ሲወጡ በጥርጣሬ ያዩዋታል። አንድ መኮንን ይወዳታል፣ በመጨረሻው መርከብ ላሳፍርሽ ይላታል። አንድ የአገሯ ልጅም ይወዳታል፣ ሳሪ ልበሺና ከኛ ጋር ቅሪ ይላታል። ሁለቱ ስለ እሷ ሲጨቃጨቁ እሷ መሀላቸው ቆማለች፤ ዞር ብሎ አንቺስ ምን ትያለሽ የሚላት የለም። ተዋናይቷ ራሷ ፈረንጅ ናት። ክልስ እንድትመስል ፊቷን አጥቁረውት አንገቷን ረስተውታል። እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ከኋላ ወንበር ሆኜ አየሁት። ያን ሁሉ መርከብና ያን ሁሉ ሰልፈኛ ያገኙ ሰዎች አንዲት እውነተኛ ክልስ ፈልጎ ማግኘት እንዴት አቃታቸው?

ፊልም የሚተረጉሙልን የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰው ሁሉ እንዲሰማ በትልቅ ድምፅ ያወራሉ። የሴቷም፣ የወንዱም፣ የመርከቡ ጡሩምባም እሳቸው ናቸው። መጨረሻው ላይ ሴትዮዋ ሻንጣዋን ይዛ ወደብ ትሄዳለች፤ መዝገብ የያዘ ጸሐፊ «ከየትኞቹ ነሽ?» ይላታል። ከኋላዋ የአገሬው ሕዝብ ነው፣ ከፊቷ መርከቡ ነው። ካሜራው ፊቷ ላይ ይቆማል፣ ይቆማል፣ አሁንም ይቆማል። መምህሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው እንዲህ አሉ፦ «እኔ የማንም አይደለሁም። የብስም ባሕርም አልተቀበለኝም።» ከዚያ ሴትዮዋ ውኃ ውስጥ ገብታ ሞተች።

ቤቱ ሙሉ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ አንድ በአንድ እየዞረ እኔን አየኝ።

ቅኝ አልተገዛንም ብሎ ደረቱን የሚነፋ ሕዝብ ነው። ፊልሙ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሩቅ ሰዎች ጣጣ ነበር። አሁን ግን ሁሉም ፊልሙ ስለ ማን እንደሆነ የገባው መሰለው። አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች ሴት፣ እኛ ዘንድ ክርስቲያኑም እንደሚለው፣ «ያረቢ! ምስኪን፣ እኔን!» አለችኝ፣ ውኃ ውስጥ የገባሁት እኔ እንደሆንኩ ሁሉ። እናቴን አየኋት። በሩ ላይ ተቀምጣ ጣሪያውን ታያለች። ውጡ አላለችም፣ ልጄን ተዉ አላለችም፣ አንድ ቃል አልወጣትም። ከፊልሙ ይልቅ ለዓመታት ያቃጠለኝ ያ ዝምታዋ ነው። ጠላኋት ብል ውሸት ነው፤ ግን አኮረፍኳት፣ ኩርፊያዬም ረጅም ነበር።

ዛሬ ቪዲዮ ቤት የለም። ሰው ሁሉ ቪዲዮ ቤቱን በኪሱ ይዞ ይዞራል። ያችኑ ክፍል እኔ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አደረግኳት። ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። በኔ መታወቂያ ላይ የአባት ስም በሚለው ቦታ የተጻፈው የእናቴ አባት ስም ነው። በወረቀት እኔና እናቴ እህትማማቾች ነን። ይህን ሳስበው አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ኮምፒውተሩን በቡጢ ልለው ይቃጣኛል።

አንድ የክረምት ቀን፣ ዝናቡ ደንበኛ አስቀርቶብኝ፣ ያንን ፊልም ከኢንተርኔት ፈልጌ አገኘሁት። አሁን እንግሊዝኛ ይገባኛል። መጨረሻው ላይ ስደርስ ድምፁን ጨመርኩ። ጸሐፊው ጠየቃት፣ ካሜራው ፊቷ ላይ ቆመ። ሴትዮዋ ምንም አልተናገረችም። መልሼ አየሁት። ሦስተኛ ጊዜም አየሁት። አንዲት ቃል የለችም፤ ዝም ብላ ጸሐፊውን ታየዋለች፣ እሱም አይኑን ይሰብራል። ከዚያ እርግጥ ነው ውኃ ውስጥ ያስገቧታል፤ ካልሞተች የት እንደሚያደርጓት አላወቁም።

መምህሩ ዛሬ ጡረተኛ ናቸው፤ ወረቀታቸውን ኮፒ የሚያስደርጉት እኔው ዘንድ ነው። በማግስቱ ሲመጡ ሰላምታቸውን ሳልጨርስ ያዝኳቸው።

«መምህር፣ ያንን የማንም አይደለሁም የሚለውን ቃል ከየት አመጡት?»

የረሱ ለመምሰል ሞክረው ነበር፣ አልተውኳቸውም። በኋላ አስታወሱና ሳቁ። «ዝም አለቻ! ሰዉ መቁነጥነጥ ጀመረ፣ ጉድ ልትሠራኝ ነው አልኩ። እሷ ዝም ስትል ጊዜ እኔ ሞላሁላት።»

«ሞሉላት?»

«ወላሂ በክፋት አይደለም፣ ልጄ። ዝም ያለን ሰው ማን ያያል?»

ለአሥራ ሦስት ዓመት ሆዴ ውስጥ የተቀመጠችው ዓረፍተ ነገር፣ መስታወት ባየሁ ቁጥር ብቅ የምትለው፣ ሰው እንዳይሰለች የተፈጠረች ኖራለች። የዚያን ቀን ኮፒያቸውን አልሠራሁላቸውም። በማግስቱ ሠራሁላቸው፤ ያውም አንዱን ገጽ ገልብጬ። ለራሴም ቃል ገባሁ፤ ከእንግዲህ በኔ ቦታ ማንም አይናገርም አልኩ።

ቃሌ ሦስት ወር እንኳ አልቆየም።

የከለላ ልጅ የሆነ፣ እኛ ከተማ የሚሠራ አንድ የከብት ሐኪም ነበር። ደብዳቤ ሊያስጽፍ መጥቶ ደብዳቤው አላልቅ አለው። እንዲህ እንዲህ ሲል ተዋደድን። ስለ አባቴ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። «እሺ» አለኝና ስለ አንዲት የታመመች ላም ማውራቱን ቀጠለ። በዚህም የበለጠ ወደድኩት። ግን ጋብቻ የሁለት ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ሙያ ወይም መልክ አይደለም፣ ዘር ይቆጥራል። በአባትም በእናትም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠርና ሁለቱ በአንድ ቅድመ አያት ከተገናኙ ነገሩ እዚያው ይቀራል። የእናቴ ወገን ችግር የለበትም። የአባቴን ወገን ማን ይቁጠር?

የእናቴ ታላቅ ወንድም መላ አለኝ አለ። ሽማግሌ የሚቀበለው እሱ ነው፣ እቤቱ ነው የሚመጡት።

«አባትሽ የወግዲ ሰው ነው ብለናል» አለኝ።

«ማነው ያለው?»

«እኔ።»

እናቴ አረብ አገር በነበረችበት ዘመን እዚያው ሄዶ የሞተ፣ ልጅ ያልነበረው አንድ የወግዲ ሰው ነበር። አጎቴ ዘሩን አጠያይቆ እስከ ሰባት ቤት አጥንቶታል፤ ለፈተና እንደሚዘጋጅ ተማሪ በወረቀት ይዞት ነበር። የሰው አባት ይዤ አልዳርም አልኩት። «ታዲያ በከለላ ሽማግሌ ፊት ህንድ ልትይ ነው?» አለ። «ዘር የሌላት ብለው ይሄዳሉ። ያኔ እድሜ ልክሽን ኮፒ ስታደርጊ ትኖሪያለሽ።» እናቴ እዚያው ነበረች፣ ሰሃን ታጥባለች። አየኋት። ሰሃኑን ደግማ አጠበችው።

እጮኛዬ በስልክ «እውነቱን ንገሪያቸው» አለኝ። ለሱ ቀላል ነው። እኔ ግን ፈራሁ። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ሲሄዱ፣ እሱንም በነሱ ምክንያት ሳጣው ታየኝና ለአጎቴ እሺ አልኩት። እስከ ዛሬ ካልኳቸው እሺዎች ሁሉ የምጠላው ያንን ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ፤ ሦስት ሽማግሌዎች ከከለላ። መሀለኛው ያገሩን ዘር ሁሉ በልባቸው የያዙ ናቸው ይባልላቸዋል፤ እድሜያቸውን የሚያውቅ የለም። ከኛ ወገን አጎቴና፣ ይገርማችኋል፣ ጎረቤት ናቸውና መምህሩ ተቀምጠዋል። እኔና እናቴ እንደ ወጉ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ነን። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ። ከዚያ ሽማግሌው «እንግዲህ እንቁጠር» አሉ።

በእናቴ በኩል ተቆጠረ፣ አልተገናኘም። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገና የወግዲውን ሰው ጀመረ። አንድ ቤት፣ ሁለት ቤት፣ ሦስት ቤት። ያጠናውን ፉት አለው። አምስተኛው ላይ ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ።

«ቆይማ። የሱ ሚስት ከየት ነበረች?»

አጎቴ ሚስቶቹን አላጠናም።

«እኔ ልንገርህ» አሉ ሽማግሌው። «ከኛ ነበረች። የልጃችን ቅም አያት እህት ናት። ሰባት ቤት ሳይሞላ ተገናኙ።» ከዘራቸውን አነሱ። «ዘመዳሞች ናቸው። የሷ መልካምነት አይጠፋንም፣ ግን አይሆንም።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሳቄ መጣ። ወላሂ ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር ደግሞ እንባዬ። በሐቅ ብናገር የሚያገናኘን አንድም ዘመድ አልነበረም። ውሸታችን ከወግዲ ድረስ ሄዶ ከባሌ ጋር አዛመደኝ! አጎቴ ውሸቴን ነው እንዳይል ሽማግሌ ፊት ነው፣ እውነቴን ነው እንዳይል ጋብቻው ሊቀር ነው። ሦስቱም ሽማግሌዎች ሊነሱ ሲሉ መጋረጃውን ገለጥኩና ወጣሁ። ለሽማግሌ የምትጠየቅ ልጅ እንዲህ አትወጣም። እኔ ወጣሁ።

«የዚያ ሰውዬ ልጅ አይደለሁም» አልኩ።

«ግቢ!» አለ አጎቴ።

«አልገባም። አባቴ ህንድ ነው። ሾፌር ነበር። ሌላ ሰው አባትሽ ነው ስባል እሺ ያልኩት ፈርቼ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሁን ግን አልፈራም። ከተዋችሁኝም በራሴ አባት ተዉኝ።»

አጎቴ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከሽማግሌዎቹ በእድሜ ያነሱት ፈገግ ብለው «እንግዲያማ አለቀ፤ ከህንድ ጋር የት ይገናኛል?» አሉ። ዋናው ሽማግሌ ግን አልሳቁም። ከዘራቸውን መልሰው አስቀመጡና ተቀመጡ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ ልጄ፣ ሐቅ መናገርሽ ደግ ነው። ግን ሳይቆጠር የታጨ የለም። ባሕሩን አይተነው ነው ወይ የማይገናኝ የምንለው? በይ ቁጠሪ።»

«አንድ ቤት» አልኩ። የአባቴን ስም ጠራሁ። ከዚያ በላይ አልነበረኝም። የሁለተኛው ቤት በር ላይ ቆምኩ። ካሜራ ፊቴ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ሰው ይቁነጠነጥ ነበር። የብስም ባሕርም የሚለው ነገር ብቅ አለብኝ፤ ዋጥኩት። ሽማግሌውን ዝም ብዬ አየኋቸው፣ አይኔን አልሰበርኩም።

«ሁለት ቤት» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

እናቴ ናት። እጇ እርጥብ ነው፣ በቀሚሷ እያበሰች ወጣች። የአባቴን አባት ስም ጠራች። «ሦስት ቤት» አለችና ሌላ ስም ጠራች። «አራት ቤት።» ሽማግሌው ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ ለሷ እንጂ ለወረቀት አልተቆጠሩም። አምስተኛውን ስትጠራ ሽማግሌው አቋረጧት።

«ይሄንን አሁን ጠርተሽው አልነበር?»

«እነሱ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ የአያቱን ስም ይወርሳል፣ አባቴ። ያኛው የልጅ ልጅ ነው፣ ይሄኛው አያቱ።»

«ክርስቲያኖች ናቸው?»

«ደቡብ ህንድ ክርስቲያን አለ። መኪናው ውስጥ የእመቤታችንን ስዕል ሰቅሎ ነበር የሚነዳው።»

«ስሙማ የኛው የታቦት ስም ነው» አሉ ሽማግሌው ለራሳቸው። «ቀጥይ።»

ስድስተኛው ላይ እናቴ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣም። መምህሩ ሊሞሉላት አፋቸውን ከፈቱ። አየኋቸው። ዘጉት። እናቴ ጊዜዋን ወሰደች። ከዚያ ስድስተኛውን ጠራች፣ ሰባተኛውንም ጠራች።

አጎቴ እጁን ከፊቱ ላይ አነሳ። «አንቺ፣ ይሄን ከየት አወቅሽው?»

እናቴ ወደሱ ዞረች። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ዞራ አይታው አታውቅም።

«አስቆጥሬው ነዋ! እመቤትየዋን ገበያ አድርሰን መኪና ውስጥ ስንጠብቃት፣ በዚያ በተሰባበረ አረብኛችን አስቆጠርኩት። አልቀበልህም አልኩት፣ ሰባት ቤት ካልቆጠርክልኝ። የማያውቀውን ለእናቱ ደብዳቤ ጽፎ አስጠየቀ። ሁለት ወር ፈጀብን። አንተ ምን መስሎህ ነበር? ዘሩን ሳላጣራ ልወልድለት ነበር? ያሳደገኝ ማን ሆነና?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ጠይቀኸኛል? ይዣት የመጣሁ ቀን ማን ደፈረሽ አልከኝ። ማንን አገባሽ ብትለኝ ኖሮ እነግርህ ነበር። የኔ ልጅ ስትጠይቀኝ ደግሞ ስሙን ስጠራ ለቅሶ ያንቀኛል፤ አትጠይቂኝ አልኳት። ጥፋቴ ይሄ ነው።» ወደኔ ዞረች። «ይቅር በይኝ።»

የዚያች በር ላይ ተቀምጣ ጣሪያ ያየች ሴት ባዶ የመሰለኝ ዝምታ፣ ለካ ሰባት ሰው ይዞ ኖሯል። ምን እንዳልኳት አላስታውስም። እርጥብ እጇን ያዝኩና ቆምን።

ሽማግሌው ሰባት ጣታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የባሕር ማዶዎቹን ሰባት ሰዎች ከከለላዎቹ ጋር አንድ በአንድ ያስተያያሉ። የሚቀልድ ሰው ፊት አልነበረም፤ ለማንም እንደሚያደርጉት በሙሉ ልብ ያጣሩ ነበር። ቆዩ።

«አይገናኙም» አሉ። «ጋብቻው ይሁን።»

መምህሩ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ሽማግሌው ግን ጣታቸውን አልፈቱም። ወደ እናቴ ጎንበስ አሉና፣

«አሁን ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ» አሏት። «ያልያዝኩት አለ። ነገ ይቺ ትወልዳለች፣ የወለደቻቸው ሲያገቡ የሚቆጥርላቸው ያስፈልጋል።»

እናቴ ደገመችላቸው። እሳቸውም ከኋላ ከኋላዋ፣ በከለላ አንደበት ጠሯቸው፤ ከአባቴ ጀምረው፣ ሰባቱንም።